በፋብሪካ ቦይለር አደገኛ ቆሻሻን ስለ ማቃጠል

እሳት የነካውን ሁሉ አጥፍቶ የሚያነጻ መሆኑን ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያምን ኖሯል። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን አረምና ጕቶ ሰብስቦ ያነደዋል፤ የቤት እመቤትም የጓሮዋን ጥራጊ በእሳት ታስወግዳለች። ለእንጨት፥ ለገለባና ለቅጠል ይህ ልማድ ደኅና ነው፤ ዐመዳቸውም ተመልሶ ለመሬቱ ይጠቅማል። ነገር ግን በዚህ ዘመን ከፋብሪካ፥ ከጋራዥ፥ ከአበባ እርሻና ከፀረ ተባይ መድኀኒት መጋዘን የሚወጣው ቆሻሻ የገለባ ጠባይ የለውም። በውስጡ ብረታ ብረት፥ ክሎሪንና ልዩ ልዩ የኬሚካል ቅመም አለበት። ብረት በእሳት አይጠፋም፤ ክሎሪን ያለበት ቅመምም እሳቱ ደካማ እንደ ሆነ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ወልዶ ይወጣል።

ስለዚህ በቆቃ፥ በሞጆ፥ በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የተሾሙ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም መሬት በይዞታቸው ያለ ሰዎች፥ አንድ ነገር አጥብቀው ሊያስተውሉ ይገባል። ይኸውም በተራ የፋብሪካ ቦይለር ውስጥ የተጨመረ አደገኛ ቆሻሻ ከዐይን ቢሰወርም ከአገር የማይወጣ መሆኑ ነው። ከበርሜሉ ተነሥቶ በጢስ መውጫው በኩል ወደ ግጦሹ፥ ወደ ሽንኵርቱ ማሳና ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህ እንዳይሆን ለመጠበቅ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነው የመንግሥት ዐይን የወረዳው ሹም ነው።

የቦታው ጠባይ

የቆቃ ሐይቅ በሰው እጅ የተሠራ ሐይቅ ነው። ጣሊያን ስለ ጦርነቱ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የካሣ ገንዘብ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ፥ ሥራውም በ1952 ዓ.ም. ተፈጽሞ፥ 43.2 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያወጣ ጣቢያ ተቋቋመ። ከግድቡ በታች የወንጂ የሸንኮራ እርሻ፥ የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃ፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ የመተሐራና የአፋር እርሻ ሁሉ ይህንኑ ወንዝ ይጠብቃል። በሐይቁ ዙሪያ ሽንኵርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ ዓሣ ይጠመዳል፤ ከብትም ወርዶ ይጠጣል።

አዋሽ ደግሞ ወደ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም። ጕዞውን የሚፈጽመው በአፋር ቈላ ባሉት ሐይቆች ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የወደቀ መርዛም ብረት ታጥቦ ወደ ባሕር ይሄዳል ተብሎ አይታሰብም፤ በሐይቁ ጭቃ፥ በመስኖው ቦይና በማሳው ዐፈር ይቀራል እንጂ።

ይህ ነገር በውሃ በኩል ምን እንዳደረገ የአገሩ ሰው ሁሉ አይቶታል። በሞጆና በአካባቢዋ ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ፍሳሻቸው ወደ ሞጆ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ ቆቃ ሐይቅ ሲገባ ብዙ ዓመት አልፏል። በዚያ ላይ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተሞች የሚወርደው እድፍ ተጨምሮበት፥ የሐይቁ ውሃ ከዳር እስከ መካከሉ አረንጓዴ የሚሆንበት ወራት መጣ። ሊቃውንትም ውሃውን መርምረው ማይክሮሲስቲስ የተባለ፥ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ የሚያወጣ፥ አልጌ መሰል ረቂቅ ፍጥረት አገኙበት። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በየዓመቱ «ይህስ ጥቂት ነው» እየተባለ የታለፈው ፍሳሽ ተጠራቅሞ የደረሰበት ነው።

አሁን የፍሳሹ ቍጥጥር እየጠበቀ በሄደ መጠን፥ ባለ ፋብሪካው ቆሻሻውን የሚያወጣበት ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። ጢስ መውጫ አያጣም እንደሚባለው ነውና፥ በቦይ የተከለከለው ነገር በጢስ መውጫ እንዳይወጣ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

የቆሻሻው ዐይነትና የባለ ፋብሪካው ፈተና

እንፋሎት የማያስፈልገው ትልቅ ፋብሪካ ጥቂት ነው። የቆዳ ፋብሪካው ውሃውን ለማሞቅ፥ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ለማቅለም፥ የምግቡና የመጠጡ ፋብሪካ ለማብሰልና ለማጠብ ሁሉም ቦይለር ያነድዳል። ብዙ ጊዜ የሚነደውም ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ይህም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከባድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል።

በዚሁ አገር ደግሞ የሚነድ ቆሻሻ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ብዙ ነው፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጫነውና የሚራገፈውም እንዲሁ። ጋራዦች ከሞተር የሚያወጡት ዘይት በሕዝብ ዘንድ «የተቃጠለ ዘይት» ይባላል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ዘይቱ ገና አልተቃጠለም፤ የመንደድ ኃይሉም ከጥቁር ናፍጣ እምብዛም አያንስም። ጋራዡ ሊያስወግደው ይፈልጋል፤ ባለ ፋብሪካውም በርካሽ ሊያገኘው ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነዳጅ የተቈጠበና ቆሻሻ የጠፋ ይመስላቸዋል፤ አንዳንድ ሹምም ነገሩን እንደ ትጋት ቈጥሮ ሊያመሰግናቸው ይችላል።

በዚህ መንገድ ወደ ቦይለር ሊገባ የሚችለው ዘይት ብቻ አይደለም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው በክሮም የለፋ ቆዳ ፍቅፋቂና ቍርጥራጭ አለ። ከአበባና ከአትክልት እርሻ የሚወጣ የፀረ ተባይ መድኀኒት ጠርሙስና ጄሪካን አለ። ከቀለምና ከማተሚያ ሥራ የተረፈ ማሟሟያ አለ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር የሚቀዳ ዘይትም አለ። እያንዳንዱ ሲነድ ሙቀት ይሰጣልና ሁሉም «ነዳጅ ነው» ሊባል ይችላል። ነገር ግን ሙቀት መስጠቱ ብቻ አንድን ነገር ነዳጅ አያደርገውም።

ቦይለሩ ስለ ምን አይበቃም

መርዛም ቅመም በእሳት እንዲጠፋ ሦስት ነገሮች ባንድነት መገኘት አለባቸው፤ እነርሱም ብርቱ ሙቀት፥ በቂ ጊዜና በደንብ የተቀላቀለ አየር ናቸው። የአውሮፓ አገሮች ለዚህ ሥራ በደነገጉት ሕግ ጢሱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ለ2 ሰከንድ እንዲቈይ ያዛሉ፤ በአደገኛው ቆሻሻ ውስጥ ያለው ክሎሪንና መሰሉ ከመቶ አንድ እጅ የበለጠ እንደ ሆነ ሙቀቱ 1100 ዲግሪ መድረስ አለበት። 2 ሰከንድ ለሰሚው እጅግ አጭር ጊዜ ይመስላል፤ በምድጃ ውስጥ ለሚሮጥ ጢስ ግን ረጅም ጊዜ ነው።

ቦይለር የተሠራው ለዚህ ዓላማ አይደለም። ቦይለር ማለት እሳት የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ያሉበት፥ ቧንቧዎቹንም ውሃ የከበባቸው የብረት ጋን ነው። ሥራው የእሳቱን ሙቀት በፍጥነት ነጥቆ ለውሃው መስጠት ነው። ጥሩ ቦይለር የሚባለውም ጢሱን ቶሎ የሚያቀዘቅዘው ነው። የነበልባሉ መካከል ምንም ያህል ቢግል፥ ዳር ዳሩ ውሃ ያቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ይበርዳል፤ በዚያ በኩል ያለፈው ቅመምም ሳይቃጠል፥ ወይም በከፊል ተቃጥሎ፥ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በኋላ የሚሆነው ነው። ዳዮክሲን የተባለው እጅግ ብርቱ መርዝ የሚፈጠረው በነበልባሉ መካከል ሳይሆን፥ ጢሱ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ በሚወርድበት ሰዓት ነው። በዚህ ሙቀት መካከል ክሎሪን፥ ያልነደደ ጥቀርሻና እንደ መዳብ ያለ ብረት ሲገናኙ ዳዮክሲን ይሠራሉ። የቦይለሩ ቧንቧ ደግሞ ጥቀርሻ የለጠፈበት፥ ሙቀቱም በዚሁ መጠን የሆነ ረጅም መንገድ ነው። እንግዲህ ክሎሪን ያለበትን ቆሻሻ በቦይለር ማንደድ፥ መርዝ የሚሠራ ዕቃ አዘጋጅቶ ቅመሙን እንደ መጨመር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ፋብሪካው እንፋሎት ሲያንሰው እሳቱን ያበረታል፤ ሲበዛለት ይቀንሳል፥ ወይም ያጠፋል። እንደ ገና በተለኰሰ ቍጥር ምድጃው እስኪግል ድረስ ጢሱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለቆሻሻ ማጥፊያ የተሠራ ምድጃ ግን አስቀድሞ ካልጋለ ቆሻሻው አይገባበትም፤ ጢሱም ከመውጣቱ በፊት ታጥቦና ተጣርቶ ነው። ተራው ቦይለር ግን የጢስ ማጠቢያ ሳይኖረው በቀጥታ ወደ ሰማይ ይተነፍሳል።

ባለ ፋብሪካውም ቢሆን ከጕዳት አያመልጥም። ክሎሪን ያለበት ነገር ሲነድ የሚወጣው አሲድ የቦይለሩን ብረት ይበላል፤ ከዘይቱ የወጣው ብረትና ዐመድም በቧንቧው ላይ ተጋግሮ ሙቀቱን ከውሃው ይከለክላል። በነዳጅ የተረፈው ገንዘብ በቧንቧ መለወጫ ተመልሶ ይወጣል።

እያንዳንዱ ቆሻሻ ሲቃጠል የሚያመጣው

የሞተር ዘይት አዲስ ሳለ የተጨመረበትን ዚንክና ፎስፎረስ፥ አገልግሎ ሲወጣም ከሞተሩ የተፋቀውን ብረት ሁሉ ይዞ ነው። በጋራዥ ውስጥ ዕቃ ማጠቢያ ቅመም ከተቀላቀለበት ክሎሪንም ይገባበታል። ሲነድ ብረቱ እንደ ረቂቅ ትቢያ ሆኖ ከጢሱ ጋራ ይወጣል። ይህ ትቢያ ከአመድ የደቀቀ ስለ ሆነ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል።

የቆዳው ፍቅፋቂ ነገር ደግሞ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ሲሆን መርዝነቱ አነስተኛ ነው። ይኸው ክሮም አየር በበዛበት እሳት ሲነድ ከፊሉ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ይለወጣል፤ ኖራና መሰል ቅመም ካለበት ለውጡ ይብስበታል። ስድስተኛው ክሮም ግን በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ፥ ነቀርሳ የሚያመጣ መሆኑ የተረጋገጠ መርዝ ነው። ከዚህ የተነሣ ፍቅፋቂው በከረጢት ሳለ ይሰጋበት ከነበረው ይልቅ ዐመዱ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ዐመድ ለማዳበሪያ ወይም ለመንገድ መሙያ መስጠት መርዙን በዝናብ አማካይነት ወደ ጕድጓድ ውሃ መላክ ነው።

አሮጌው የትራንስፎርመር ዘይት ከሁሉ ይከፋል። ቀድሞ በብዙ አገር በተሠሩ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ፒሲቢ የተባለ ክሎሪን ያለበት ቅመም ይጨመር ነበር። ፒሲቢ እሳት የማይደፍረው ተብሎ የተመረጠ ነውና በደካማ እሳት አይጠፋም፤ ይልቁንም ፉራን ወደሚባለው የዳዮክሲን ዘመድ ይለወጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነት ይህ ቅመም ያለበት መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2025 ድረስ ከአገልግሎት እንዲወጣ፥ ዘይቱና ዕቃውም እስከ 2028 ድረስ በተገቢው መንገድ እንዲወገድ ወስኗል። ስለዚህ ከአገልግሎት የወጣ የትራንስፎርመር ዘይት የሚበዛበት ጊዜ ይህ ነው፤ ጥንቃቄውም በዚያው ልክ መብዛት አለበት።

ጕዳቱ በእርሻና በከብት ላይ

ጢስ ሳንባን እንደሚጐዳ ማንም ያውቃል። ዳዮክሲን ግን ወደ ሰው የሚደርሰው ይልቁንም በገበታ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ሰው ከሚያገኘው ዳዮክሲን ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው በምግብ፥ ያውም በብዛት በሥጋ፥ በወተትና በዓሣ አማካይነት የሚገባ ነው። መንገዱም ይህ ነው። ትቢያው በሣር ላይ ያርፋል፤ ላም ሣሩን ትበላለች፤ መርዙ በውሃ የማይሟሟ፥ በስብ የሚሟሟ ስለ ሆነ በላሟ ስብና በወተቷ ቅቤ ይከማቻል። ዶሮም ዐፈር እየጫረች ስትለቅም መርዙ በዕንቍላሏ አስኳል ይገኛል። በሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ጊዜ የገባው እኩሌታው ብቻ ለመውጣት ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የታየ ሕመም የለም ማለት ጕዳት የለም ማለት አይደለም።

የዚህ ነገር ማስረጃ ከሩቅ አገር ቢሆንም በቅርብ ዘመን የሆነ ነው። በ2001 ዓ.ም. በኅዳር ወር የአየርላንድ መንግሥት በአገሩ የታረደውን የአሳማ ሥጋ በሙሉ ከገበያ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ምክንያቱ ሲመረመር የመጣው ከአንድ የመኖ ማድረቂያ ቤት ነበር። ማድረቂያው ከዳቦና ከብስኩት ቤቶች የተረፈውን በትኵስ ጢስ እያደረቀ ለከብት መኖ ያዘጋጅ ነበር፤ ለእሳቱ ያነደዱት ዘይት ግን ፒሲቢ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። መኖውን የበሉት እንስሳት በጥቂት እርሻዎች ያሉ ብቻ ሲሆኑ፥ የተበከለውን ከንጹሑ ለይቶ ማወቅ ስላልተቻለ የአገሩ ምርት በሙሉ ተጣለ፤ ወደ ውጭ አገር የተላከውም እንዲመለስ ተደረገ።

የአሳማ ሥጋ በኢትዮጵያ እምብዛም የማይበላ ቢሆን ስንኳ ነገሩ ለወተት፥ ለሥጋና ለዕንቍላል ያው ነው። እርግጥ በአየርላንድ ጢሱ መኖውን በቀጥታ ነክቶታል፤ በፋብሪካ ጢስ መውጫና በማሳ መካከል ግን ርቀት አለ፤ መርዙም በነፋስ ይሳሳል። ሆኖም በአየርላንድ ነገሩ በጥቂት ወራት ታውቆ ቆመ፤ ያልታወቀ የቦይለር ጢስ ግን በዚያው ግጦሽ ላይ በየቀኑ ለብዙ ዓመት ሊወርድ ይችላል። በተጨማሪም እህል፥ መኖ ወይም አትክልት በእሳት ትንፋሽ የሚያደርቅ ፋብሪካ በዚህ አገር ሲቋቋም የአየርላንዱ ነገር በቀጥታ ይመለከተዋል። ከስምጥ ሸለቆው አትክልትና አበባ የሚገዛ የውጭ ነጋዴም መርዝ ተገኘ የሚል ወሬ ሲሰማ የትኛው ማሳ ንጹሕ እንደ ሆነ ለመለየት አይቈይም፤ ፊቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል እንጂ።

ሌሎች መንግሥታትና ኢትዮጵያ ያደረጉት

በአሜሪካም ፋብሪካዎች አደገኛ ቆሻሻን «ነዳጅ ነው» እያሉ በቦይለር ማንደድ ለምደው ነበር። መንግሥቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ባወጣው ደንብ፥ ይህን ሊያደርግ የሚፈልግ ሁሉ ምድጃው ወደ ውስጥ ከገባው መርዝ ከመቶ 99.99 እጁን የሚያጠፋ መሆኑን በሙከራ እንዲያስመሰክር አዘዘ። ይኸውም ከ10,000 እጅ አንዱ ብቻ ቢወጣ ነው። የሚነደው ነገር ስሙ ነዳጅ መባሉ ከዚህ ግዴታ አላዳነውም።

በኢትዮጵያም የእርሻ ሥራ ሹማምንት ሊረሱት የማይገባ ታሪክ አለ። ለአንበጣ፥ ለተምችና ለወባ መከላከያ የመጣ ፀረ ተባይ መድኀኒት ጊዜው አልፎ በየአውራጃው መጋዘን ብዙ ዘመን ተከማችቶ ኖረ። በርሜሉ ዝጎ ይፈስ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት፥ በለጋሽ አገሮች ገንዘብና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት፥ 1500 ቶን ያህል እንደ ገና ታሽጎ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ተቃጠለ። መንግሥት ይህን ሁሉ ድካምና ወጪ የተቀበለው በአገር ውስጥ እሳት ጠፍቶ አልነበረም። መርዙን ሊያጠፋ የሚችል ምድጃ ስላልነበረ ነው። እንግዲህ መንግሥት ባሕር አሻግሮ የላከውን ዐይነት መርዝ፥ አንድ ፋብሪካ በግቢው ቦይለር ውስጥ ሲያነደው ዝም ብሎ ማየት እንዴት ይገባል?

«የአገሩ ሀብት ትንሽ ነው፤ ቆሻሻው በበርሜል ተቀምጦ ከሚፈስ ቢነድ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ አሳብ ጨርሶ የሚናቅ አይደለም፤ በደንብ ያልተያዘ በርሜልም መርዝ ነውና። ነገር ግን በርሜል ቢፈስ የፈሰሰበት ቦታ ይታወቃል፤ ዐፈሩም ተቈፍሮ ሊነሣ ይችላል። በነፋስ የተበተነውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ሁለቱን ክፉ ነገሮች ከማመዛዘን ይልቅ ሦስተኛውን መንገድ መያዝ ይሻላል።

ይኸውም ቆሻሻውን በየዐይነቱ ለይቶ፥ ጣራና የሲሚንቶ ወለል ባለው ቤት አሽጎ፥ ስሙን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም እየተሰበሰበ ወደሚችል ምድጃ ይላካል። በአገር ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ነው። በእርሱ ውስጥ ድንጋዩ 1450 ዲግሪ ያህል ይግላል፤ ነበልባሉም ወደ 2000 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጢሱ በትኵሳቱ ውስጥ ብዙ ሰከንድ ይቈያል፤ ኖራውም አሲዱን ይውጠዋል። ይህም ቢሆን ተፈትኖ፥ ፈቃድ ተሰጥቶትና ጢሱ እየተለካ የሚደረግ ነው እንጂ እንደ ልብ የሚደረግ አይደለም።

ነዳጅ መቈጠብ ራሱ ግን የሚያስመሰግን ሥራ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የተጨመቀውን የሸንኮራ ገለባ እያነደደ እንፋሎቱን ያወጣ ነበር፤ አሮጌው ተዘግቶ የተተካው አዲሱ ፋብሪካም በዚሁ ይሠራል። የቡና ገለባም እንዲሁ ጥሩ ነዳጅ ነው። ሹሙ ባለ ፋብሪካውን ከቆሻሻ ዘይት ሲከለክለው ይህን መንገድ ቢያሳየው ትእዛዙ ከምክር ጋራ ይሆንለታል።

ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚጠበቀው

ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ለአካባቢ ተቈጣጣሪዎች አስቀድመው ሳያስታውቁና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠይቁ ወደ ፋብሪካ ገብተው የመመርመር ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1090/2010 ደግሞ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ያለ ፈቃድ ማጓጓዝና ማስወገድን ይከለክላል። ነገር ግን ተቈጣጣሪው ብዙ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም፤ የወረዳው ሹም ደግሞ በየቀኑ በበሩ ያልፋል። ስለዚህ ሹሙ የሚከተለውን ቢያደርግ ሥራው ይቃናል።

1ኛ፤ የነዳጁን መዝገብ ይመልከት። ፋብሪካው የሚያወጣው ዕቃ ሳይቀንስ የገዛው ጥቁር ናፍጣ ከቀነሰ፥ በምትኩ ምን እንደ ነደደ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ደረሰኝ ማስተያየት ይበቃል።

2ኛ፤ የቆሻሻውን መድረሻ ይጠይቅ። ስንት ቆዳ ገባ፤ ስንት ከረጢት ፍቅፋቂ ወጣ፤ የወሰደው ማን ነው፤ ፈቃድስ አለው ወይ? ጋራዦችንም የተቃጠለውን ዘይት ለማን እንደ ሸጡ ይጠይቅ።

3ኛ፤ ጢሱን በቀን ብቻ ሳይሆን በማታና በማለዳ፥ እሳቱ በሚለኰስበት ሰዓት ይመልከት። ጥቁር ጢስ እሳቱ ደካማ መሆኑን ይመሰክራል። ጢሱ የጠራ ቢመስልም ንጹሕ ነው ብሎ አይተው፤ ዳዮክሲን በዐይን አይታይምና የመለኪያ ማስረጃ ይጠይቅ።

4ኛ፤ ዐመዱና ጥቀርሻው የት እንደሚጣል ይወቅ። ከቆዳና ከዘይት የወጣ ዐመድ ለገበሬ፥ ለጡብ ሠሪና ለመንገድ ሥራ እንዳይሰጥ ያግድ።

5ኛ፤ የፀረ ተባይ መድኀኒት ዕቃ እንዳይነድ፥ ለውሃ መቅጃም እንዳይሸጥ ያስጠንቅቅ። ዕቃው ባዶ እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፥ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ፥ ዕቃውም ተበስቶ ለሰብሳቢ ይሰጥ።

6ኛ፤ መኖና እህል በእሳት ትንፋሽ የሚያደርቅ ማንም ቢሆን የተቃጠለ ዘይት እንዳያነድ አጥብቆ ይከልክል።

7ኛ፤ የገበሬውንና የእረኛውን አቤቱታ ይስማ። ከፋብሪካው በነፋስ በኩል ያለው ሰው ሽታውን ከሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። አዋጅ ቍጥር 300/1995 ማንም ሰው ጕዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስ ስንኳ አቤት እንዲል ፈቅዶለታል፤ ሹሙም አቤት ባዩን እንደ ነገረኛ አይቍጠረው።

ባለ ይዞታዎችም ድርሻ አላቸው። መሬት ዛሬ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፥ የሚጠቀምበት ሰው ለጋራዥ፥ ለዘይት ማጠራቀሚያ ወይም ለመጋዘን ሲያከራይ በውሉ ውስጥ ቆሻሻው በምን መንገድ እንደሚወገድ ማስጻፍ ይችላል። ኪራዩ የአንድ ዓመት ነው፤ በዐፈሩ ላይ የሚቀረው ክሮም ግን ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው።

በቆቃ ሐይቅ ላይ የደረሰውን ዛሬ ወደ ኋላ መልሶ እንዳልነበረ ማድረግ አይቻልም፤ ውሃውን ለማዳንም ገና ብዙ ዘመንና ገንዘብ ያስፈልጋል። በነፋሱ በኩል ግን ጊዜው አላለፈም። አንድ ሹም ወደ ፋብሪካው የነዳጅ መጋዘን ገብቶ «ይህ በርሜል ከወዴት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ወጪ የለበትም፤ ሳይጠይቅ ቢቀር የሚመጣው ወጪ ግን በወተቱ፥ በዓሣውና በሕፃናቱ ጤና የሚከፈል ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፥ ቅጠሉ ገና በእጅ ሳለ መሥራት ይገባል።